ተባይን በፈንገስ መግደል፦ ከግዢ እስከ ርጭት

የጎመን ቅጠል ገልበጥ ስታደርጉ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ክሽክሽ ተጠቅጥቆ ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ሮጦ ማላታይን መግዛት ነው። አይፈረድባችሁም። ቶሎ ይሠራል፣ ዋጋው አይከብድም፣ ጎረቤቱም ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። ችግሩ ጎመኑን ከነገ ወዲያ ቀንጥሳችሁ ልትበሉት መሆኑ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ነፍሳትን የሚያሳምም፣ ሰውነታቸው ውስጥ ገብቶ መርዝ እያመረተ የሚገድላቸው ፈንገስ አለ። በዱቄት ወይም በዘይት መልክ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ብዙ ሰው ግን ይገዛውና እንደ ኬሚካል ይረጨዋል፣ በማግስቱ ሲያየው ክሽክሹ እንዳለ አለ፣ «ይሄማ ውሸት ነው» ብሎ ይጥለዋል። የገዛው ነገር ሕይወት እንዳለው የነገረው የለማ! ሕይወት ስላለው ሙቀት ይገድለዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል፣ ሥራ ለመጀመርም እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እንደሚሠራ እንወቅ

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ናቸው፤ ቦቬሪያ ባሲያና እና ሜታራይዚየም። የመጀመሪያው ሲያድግ ነጭ ነው፣ ሁለተኛው አረንጓዴ። ሁለቱም አፈር ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ በእኛ አገር የቡና ደን አፈር ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛሉ። የምትገዙት ዱቄት ስፖራቸው ነው፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ዘራቸው።

ስፖሩ የነፍሳቱ ቆዳ ላይ ያርፍና ይጣበቃል። እርጥበት ካገኘ ይበቅላል። ከዚያ ቆዳውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች እያመነጨ፣ በጉልበትም እየገፋ ሰርስሮ ይገባል። መበላት አያስፈልገውም፣ መነካት ይበቃዋል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ቅጠሉን አይግጡም፣ አፋቸውን ሰክተው ጭማቂውን ነው የሚመጥጡት፤ ስለዚህ ቅጠል ላይ ተቀምጦ እስኪበላ የሚጠብቅ መርዝ አያገኛቸውም። ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያ ለአባጨጓሬ ጥሩ ሆኖ ለክሽክሽ የማይረባው ለዚህ ነው።

መርዙ የሚመጣው ፈንገሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሜታራይዚየም ዴስትራክሲን የሚባሉ መርዞችን ያመነጫል። እነዚህ የነፍሳቱን ጡንቻ አኮማትረው ሽባ ያደርጉታል፣ በሽታ የሚከላከልበትን አቅምም ያዳክማሉ። ቦቬሪያ ደግሞ ቦቬሪሲን አለው፤ ፖታሲየምና ካልሲየም በሴሉ ሽፋን ያለ ሥርዓት እንዲያልፉ አድርጎ ሴሉን ያናጋዋል። ሌላም አለው፣ ኦስፖሪን የሚባል ቀይ ነገር፤ የሞተውን ነፍሳት ባክቴሪያ እንዳይሻማው ይጠብቅለታል። ይህን ቀይ ቀለም ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

በነገራችን ላይ ቦቬሪያ ታሪኩ የሚጀምረው በተባይ አይደለም፣ በሐር ትል ነው። ትሎቹን ነጭ አድርጎ የሚፈጀው በሽታ ከዚህ ፈንገስ እንደሚመጣ ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ስለዚህ የሐር ትል የምታረቡ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። ቦቬሪያን ከግቢያችሁ አርቁት።

መርዙን ብቻ ነጥለን ብንረጭስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳይንቲስቶቹም ሲጠይቁት ኖረዋል። ዴስትራክሲንን ከፈንገሱ አውጥቶ መሸጥ ይቻል ነበር፤ ግን በብዛት ማምረቱ ውድ ነው። ደግሞም ፈንገሱ መርዙን ይዞ እስከ ነፍሳቱ ሆድ ዕቃ ድረስ ራሱ ያደርስልናል። ያለ እሱ ቆዳውን ማን ሊበሳው ነው?

የተሳካ ምሳሌ የለም ማለት ግን አይደለም። ፒሪፒሮፒን የሚባል የፈንገስ ውጤት አለ፤ መጀመሪያ የተገኘው ለኮሌስትሮል መድኃኒት ሲፈለግ ነው። እሱን በኬሚስትሪ አሻሽለው አፊዶፒሮፔን የሚባል ፀረ-ክሽክሽ ሠርተውበታል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመዝግቧል። ክሽክሹ ሚዛኑን ይስትና መምጠጥ ያቆማል፣ ከዚያ በረሃብ ይሞታል። ይሄ ግን የትልልቅ ኩባንያ ላብራቶሪ ሥራ ነው፣ የጓሮ ሙከራ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆጣ ልበል። ኢንተርኔት ላይ «የሻገተ ዳቦ ዘፍዝፋችሁ እርጩ» የሚል ምክር ብታዩ እንዳትሞክሩት። ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ ላይ የሚወጣው አስፐርጊለስ አፍላቶክሲን ያመርታል። እሱም ነፍሳትን ይገድላል፣ እውነት ነው። ግን የሰውን ጉበት ለካንሰር የሚዳርግ ነው፤ ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ያለቁት በዚሁ በተበከለ የኦቾሎኒ መኖ ነው። እኛም ጋ የአዲስ አበባ ወተት ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ ተብሎ ሰው ወተት መጠጣት የፈራበትን ጊዜ አትረሱትም፤ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም፣ በቃ።

በሩዝ ላይ ቦቬሪያን ወይም ሜታራይዚየምን ራስ ማብቀልም አለ። ላቲን አሜሪካ ውስጥ በኅብረት ሥራ ደረጃ የሚሠሩት አሉ። እነሱ ግን ንጹሕ ዘርና የሚቆጣጠር ባለሙያ አላቸው። ኩሽና ውስጥ ከሞከራችሁት ሩዙ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር ሜታራይዚየም ይሁን አስፐርጊለስ በዓይን አትለዩትም። ግዙ።

ስትገዙ

የእርሻ ግብዓት ሱቅ ስትገቡ «የፈንገስ መድኃኒት» ብቻ ካላችሁ ሻጩ ፈንገስ የሚገድለውን ያቀብላችኋል፤ ከምትፈልጉት ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። የተባያችሁን ስም ተናገሩና ቦቬሪያ ወይም ሜታራይዚየም በሉ።

ከዚያ መለያውን አንብቡ። የፈንገሱ ስም ብቻ አይበቃም፣ የዝርያው ቁጥር አለ። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የሜታራይዚየም ዝርያዎች ውስጥ ለምሳሌ 69 ቁጥሩ ትሪፕስ ለሚባሉት ደቃቅ ነፍሳት፣ 78 ቁጥሩ ለቀይ ሸረሪት ነው የሚሸጠው። ሜታራይዚየም አክሪደም ደግሞ አንበጣና ፌንጣ ላይ እንጂ ሌላው ላይ አይሠራም። ስለዚህ «ሜታራይዚየም ገዛሁ» ማለት ገና ምንም ማለት አይደለም። መለያው ላይ የእናንተ ተባይ ካልተጻፈ አትግዙ።

ሌላው በግራም ወይም በሚሊ ሊትር ስንት ሕያው ስፖር እንዳለው ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር መሆን አለበት። ቁጥሩ ካልተጻፈ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ከሌለው፣ ወይም ሱቁ ውስጥ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ተደርድሮ ካያችሁት ጥላችሁት ውጡ። አገር ቤት ከሆናችሁ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ፤ ሻጩ ቢገላምጣችሁም ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ጓሮ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ የምትተክሉ፣ እናንተ ትንሽ ይቀላችኋል። ጂኤችኤ የተባለው የቦቬሪያ ዝርያ ለቤት አትክልተኛ በጠርሙስ ይሸጣል።

ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ፍሪዘር አይደለም፣ ፍሪጅ። ልጆች በማይደርሱበት፣ ከምግብ በተለየ በሚከደን ዕቃ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አንድ ከሰዓት ከዋለ ግን ሙት ዱቄት ልትረጩ ትችላላችሁ።

ሕያው መሆኑን መሞከር

ይሄ ደረጃ በብዙ መመሪያ ላይ አይገኝም፣ እኔ ግን አልዘለውም። የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ቁረጡና ታችኛውን ውሰዱ። ከአትክልቱ ላይ ጥቂት አባጨጓሬ ወይም ጢንዚዛ ልቀሙ። በተበጠበጠው ፈንገስ በደንብ አርጥቧቸው፣ ጥቂት ቅጠል ጨምሩላቸው፣ አፉን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ፌስታል እሰሩት። ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ በተራ ውኃ ብቻ የረጠቡ አስቀምጡ፣ ለማነጻጸር። ጥላ ቦታ ይሁን።

ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ በፈንገሱ የረጠቡት መብላት ይቀንሳሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። የሞቱትን አውጥታችሁ በውኃ በራሰ ሶፍት ላይ አድርጉና ክደኗቸው። በቦቬሪያ የሞተ ነፍሳት ብዙ ጊዜ ቀላ ይላል፤ ያ ያልኳችሁ ኦስፖሪን ነው። ሰውነቱ ይደርቃል፣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ትንሽ ቀን ቆይቶ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር መጀመሪያ ከእግሩ መጋጠሚያና ከአንገቱ ሥር ብቅ ይልና መላ ሰውነቱን ይሸፍነዋል። በሜታራይዚየም ከሆነም መጀመሪያ ነጭ ነው፣ እየቆየ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የሞተው ነገር ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ከሸተተ ግን የገደለው ፈንገሱ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። የሁለቱ ጠርሙስ ነፍሳት እኩል በሕይወት ካሉ ደግሞ ዱቄታችሁ ሞቷል ወይም ለዚያ ተባይ አይሆንም፤ ማሳውን ሁሉ ከመርጨታችሁ በፊት ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

አበጣበጥና ርጭት

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው። በባልዲ ቀድታችሁ ሳትከድኑ አሳድሩት። የምትረጩበት ዕቃ ከዚህ በፊት ማንኮዜብ ወይም ሌላ የፈንገስ ገዳይ የተረጨበት ከሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ቢቻል ሌላ ዕቃ ይሁን። ዱቄቱን በአንዴ በርሜሉ ውስጥ አትገልብጡት፣ ከላይ ይንሳፈፋል። በትንሽ ውኃ ለጥፍ አድርጋችሁ ካሻችሁ በኋላ ነው ወደ ዋናው ውኃ የሚጨመረው። ስፖሩ ውኃ አይወድም፣ ስለዚህ ከውኃው ጋር የሚያዋህደው ነገር ያስፈልገዋል። መለያው የሚያዘውን ተጠቀሙ፤ ካላዘዘ ለስለስ ያለ ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ በቂ ነው፣ ማንኪያ ሙሉ አይደለም። መጠኑን ራሱ ከመለያው ውሰዱ፣ ከእኔ አትውሰዱ፤ ምርቱ ይለያያል። እየረጫችሁም ዕቃውን ነቅነቅ አድርጉት፣ ስፖሩ ወደ ታች ይዘቅጣል።

ሰዓት! ብዙ ርጭት የሚከሽፈው እዚህ ነው። የፀሐይ ጨረር ስፖሩን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ እርጩ። ስፖሩ ለመብቀል ከ12 እስከ 24 ሰዓት እርጥበት ይፈልጋልና ሌሊቱ ይረዳችኋል። ቅጠሉን ቀድማችሁ ውኃ ብታጠጡት ወይም ከመስኖ በኋላ ብትረጩ ይሻላል። ዝናብ ሊጥል ካጉረመረመ ደግሞ ለነገ አቆዩት፣ አጥቦ ይወስደዋል።

ሙቀቱም ልብ ይባል። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሚመቸው ነው። ከ15 በታች ይንቀራፈፋል፣ ከ35 በላይ ሥራ ያቆማል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያላችሁ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከተጻፈው ቀን በላይ ጠብቁ። መቂና ባቱ አካባቢ ያላችሁ ችግራችሁ የቀን ፀሐይ ነው፤ የላስቲክ ቤት ካላችሁ ግን እርጥበቱም ጥላውም ስላለ ፈንገሱ በደንብ ይሠራላችኋል። የአበባ እርሻዎች ከሌላው ገበሬ ቀድመው የለመዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

የምትረጩት ቅጠሉን ሳይሆን ተባዩን ነው። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ከቅጠሉ ሥር ናቸው፣ ስለዚህ የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙራችሁ ከታች ወደ ላይ እርጩ። በቆሎ ላይ ያለ የአሜሪካ ተምች ከሆነ መሐል ላይ ገና ያልተዘረጋው የተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ይግባ፣ ትሉም ገና ትንሽ እያለ። የቡና ፍሬ ቦርቧሪ ጢንዚዛ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። ጢንዚዛዋ ፍሬው ውስጥ ከገባች ማንም አያገኛትም፤ ልትበሳ ፍሬው ላይ ስትሆን ነው መያዝ ያለባት። ይህች ጢንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2010 ሃዋይ፣ ኮና ውስጥ ስትገኝ ገበሬዎቹ ቦቬሪያን ዋና መሣሪያቸው አደረጉት፤ ግን በየጊዜው ፍሬ እየቆረጡ እያዩ፣ የወደቀውንና የተረፈውንም ፍሬ እየለቀሙ ነው። ርጭቱ ብቻውን አልበቃቸውም።

በሳምንት አንዴ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ ደጋግሙ። እንቁላል ውስጥ የነበረው ሲፈለፈል ሁለተኛው ርጭት ያገኘዋል። ክሽክሽ ቆዳውን ሲገፍ ያልበቀለውን ስፖር አብሮ ጥሎት ስለሚሄድም አንዴ ረጭቶ መተው አያዋጣም።

ትዕግሥት፣ ከዚያ ደግሞ ጥንቃቄ

በማግስቱ ምንም አትጠብቁ። መሞት የሚጀምሩት ከ3 እስከ 7 ቀን ነው፣ አንዳንዴ 2 ሳምንትም ይወስዳል። ጥሩነቱ ከመሞታቸው በፊት መብላት ይቀንሳሉ። አንበጣ ላይ ያለውን ልምድ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በተጀመረ ትልቅ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ለአፍሪካ አንበጣ ተብሎ ግሪን መስል የሚባል የሜታራይዚየም ምርት ተሠርቶ ነበር፤ ለአንድ ሄክታር 50 ግራም ስፖር በዘይት ተበጥብጦ ይበቃል። ግን አንበጣዋ ሲያማት ፀሐይ ላይ ወጥታ ሰውነቷን ታሞቃለች፣ ሙቀቱም ፈንገሱን ያዘገየዋል። ስለዚህ እስክትሞት 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የመንጋ አንበጣ ሰብል ላይ አርፎ እያለ ይሄ አይሆንም፤ ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ላይ ግን ይሠራል። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰፊው የተጠቀመችው የግጦሽ መሬቷን በኬሚካል ላለመበከል ነው።

ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አትክልቱ ሁሉ በተባይ ተወርሮ ሊደርቅ ነገ ተነገ ወዲያ ሲል ፈንገስ አያድናችሁም። ቀድማችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክሽክሾች እንዳያችሁ ጀምሩ። በጣም የተጠቃውን ቅጠል ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ የቀረውን እርጩ።

ፈንገሱን ከፈንገስ ገዳይ ጋር አትቀላቅሉት። ቲማቲማችሁ ዋግ ይዞት ማንኮዜብ የግድ ከሆነ በመሐሉ የተወሰኑ ቀናት ይለፉ። አበባ ላይ፣ ንብ በምትመላለስበት ሰዓት አትርጩ፤ ቀፎ ካለ ፈንገሱ ወደዚያ እንዳይነፍስ ዞር በሉ። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ መነጽርም ቢኖር። ስፖሩ በሳንባ ሲገባ አለርጂ ያስነሳል። አስም ያለበት ሰው፣ ወይም በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ራሱ ባይረጭ ይሻላል። አትክልቱንም ከመብላታችሁ በፊት መለያው የሚለውን ጊዜ ጠብቁና አጥባችሁ ብሉ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሦስት ጊዜ በትክክል ረጭታችሁ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሞክራችሁት ሕያው ሆኖ፣ ማሳው ላይ ግን ለውጥ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቅጠሉ ሥር አለመድረሱ ወይም አየሩ መድረቁ ነው። ሁለቱን አስተካክሉና አንዴ ድገሙት፤ ያኔም እምቢ ካለ ሌላ ዝርያ ጠይቁ።

የተረፈ ብጥብጥ አያድርም። ለነገ ብላችሁ ጀሪካን ውስጥ ብታስቀምጡት ስፖሩ ውኃው ውስጥ ይበላሻል። በዚያው ምሽት የአትክልቱ ሥር አፈር ላይ አፍስሱት፣ መርጫውንና አፉን እጠቡ፣ የተከፈተውን ፓኬት አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ወደ ፍሪጅ መልሱ።